«ቴክ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግስ ከነምንጩ አጥንቶ በትክክል ለመጠቀም የሚረዳ መመሪያ

ደሴ ውስጥ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ አንዲት ጎረቤታችን ከሕክምና ተመልሰው የመድኃኒታቸውን እሽግ ለልጅ ልጃቸው ሰጧትና የተጻፈበትን እንድታነብላቸው ጠየቋት። ልጅቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጽሑፉን ፊደል በፊደል ተከትላ አነበበችና «በቀን ሁለት ጊዜ አንዳንድ ፍሬ ይውሰዱ ነው የሚለው፣ እማማ» አለቻቸው። እሳቸውም እሽጉን በመዳፋቸው እንደያዙ «ወዴት ነው የምወስደው ልጄ?» ሲሉ ጠየቋት። የልጅቱ ትርጉም በመዝገበ ቃላት ቢመዘን ስሕተት አይገኝበትም። ይሁን እንጂ ሴትዮዋ በሚያውቁት አማርኛ መድኃኒት ይዋጣል፣ ይጠጣል ወይም ይቀባል እንጂ አይወሰድም፤ «አንዳንድ ፍሬ ይዋጡ» ብትላቸው ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ ነበር።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት የልጅቱ ችግር የብዙ ተማሪዎች፣ የመምህራንና የተርጓሚዎችም ችግር መሆኑን በሥራዬ ደጋግሜ ስላየሁ ነው። እዚህ የምናጠናው በቲ፣ በኤ፣ በኬ እና በኢ ፊደላት የሚጻፈውን «ቴክ» የተባለውን ግስ ነው። የመረጥሁትም ሁሉም ሰው እንግሊዝኛ በጀመረበት ዓመት ስለሚያውቀው፣ «ወሰደ ማለት ነው» ብሎ ካለፈው በኋላም ተመልሶ ስለማያጠናው ነው። ለሥራው አንድ ደብተር፣ ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች፣ እንዲሁም በስልክም ሆነ በመጽሐፍ፣ ቃሉን በራሱ በእንግሊዝኛ የሚያብራራና ምሳሌ ዐረፍተ ነገር የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ያስፈልጋል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ መዝገበ ቃላት ለመነሻ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የልጅቱንም ስሕተት ያመጣው እርሱ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት የሚመድብ ሰው ሥራውን በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል።

፩. የግሱን መልኮች ጽፎ መጀመር

በደብተሩ አንድ ገጽ አናት ላይ ሦስቱን ዋና መልኮች ይጻፉ፦ ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን። ግሱ ያለፈውን ጊዜ የሚያመለክተው መጨረሻው ላይ «ኢዲ» በመጨመር ሳይሆን የውስጥ አናባቢውን በመለወጥ ነው። በዚህ ረገድ «ሼክ፣ ሹክ፣ ሼክን» ከሚለው፣ መነቅነቅን ከሚገልጸው ግስ ጋር አንድ ጎራ ስለሆነ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፎ ጮክ ብሎ ማንበብ መልኩን በቶሎ ያስይዛል። «ቱክ» ሲነበብ ድምፁ እንደ «ቡክ» አጭር ነው፤ አይረዝምም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግስን የሚያስገባው «ወሰደ» በሚለው፣ በሩቅ ወንድ ባለፈ ጊዜ መልኩ ስለሆነ፣ ባለቤቱ «እርሱ» በቃሉ ውስጥ አለ። «ቴክ» ግን ባዶ ግንድ ነው፤ ማን፣ መቼ የሚለው በውስጡ የለም። ተማሪዎቻችን ባለቤቱን ረስተው «የስተርዴይ ቱክ ዘ ቡክ» ብለው የሚጽፉት፣ «ትናንት መጽሐፉን ወሰደ» የሚለው አማርኛ ያለ ተውላጠ ስም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ስለሆነ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ መልኮች ሥር ባለቤት ያላቸው ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ይጻፉ፤ ባለቤቱንም በሁለተኛው ቀለም ያስምሩበት።

፪. ምንጩን መፈለግ

ብዙ ሰው ይህን ክፍል ለምሁራን ብቻ የተተወ አድርጎ ይዘለዋል። እኔ ግን አንድን ግስ ከልብ ለማወቅ ከዚህ የሚበልጥ መንገድ አላገኘሁም፤ የቃሉን የመጀመሪያ ሥራ ያወቀ ሰው በኋላ የመጡትን ትርጉሞች አንድ በአንድ መሸምደድ አያስፈልገውምና።

ቴክ በትውልዱ እንግሊዝኛ አይደለም። የጥንቱ እንግሊዝኛ መውሰድን የሚገልጽበት «ኒማን» የተባለ የራሱ ግስ ነበረው፤ የጀርመንኛው «ኔመን» የዚሁ ግስ ዘመድ ሆኖ ዛሬም ይሠራል። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ793 በሰሜን እንግሊዝ ያለው የሊንዲስፋርን ገዳም በስካንዲኔቪያ ባሕረኞች ተወረረ፤ በ865 ደግሞ ትልቅ ጦር ወደ እንግሊዝ ገባና ከወራሪዎቹ ብዙዎቹ በምሥራቅና በሰሜን እንግሊዝ ሰፍረው ቀሩ። አረሱ፣ ነገዱ፣ ከአገሬው ጋር ተጋቡ። የእነርሱ ቋንቋ የሆነው የጥንቱ ኖርስ «ታካ» የሚል ግስ ነበረው፤ ይህ ግስ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ መታየት ጀመረ፤ በቀጣዮቹ መቶ ዓመታትም ኒማንን ቀስ በቀስ ከዕለት ንግግር አስወጣው።

ወሎ ውስጥ ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ ሊሆን አይገባም። ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ የዋለ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ተናጋሪዎች በአንድ ግመል ዋጋ ላይ ሲከራከሩ ሰምቷል፤ ቃላት ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው የሚሻገሩት እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ልዩነቱ እንግሊዝኛ ከጎረቤቱ የወሰደው የዕቃ ስም ብቻ አለመሆኑ ነው። ቢላዋ የሚባልበትን «ናይፍ»፣ ዕንቁላል የሚባልበትን «ኤግ»፣ በኖርስ «የነፋስ ዐይን» ማለት የሆነውን «ዊንዶው»ን አልፎ «እነርሱ» የሚለውን ተውላጠ ስም «ዘይ»ን፣ እንዲሁም «ወሰደ»ን የሚያህል መሠረታዊ ግስ ወስዷል። መውሰድ የሚለውን ቃል ራሱን ከሌላ መውሰድ በቋንቋ ታሪክ ብርቅ ነው።

የእኛም ቋንቋ የሚመስል ነገር ደርሶበታል። በግእዝ መውሰድን፣ መያዝንና ማንሣትን የሚገልጸው ዋናው ግስ «ነሥአ» ነው፤ በቅዳሴ «ንሥኡ ብልዑ» ሲባል የምንሰማው እርሱን ነው። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው ስፍራ «ቴክ፣ ኢት» ይላል። አማርኛ ለዕለት ሥራ ወሰደንና ያዘን መርጦ ነሥአን ወደ ዳር ቢገፋውም ከቤት አላስወጣውም። «ነሣ» ሆኖ መከልከልንና ማሳጣትን ይገልጻል፤ የወሎ ሽማግሌ «ጤና አይንሳችሁ» ብሎ ሲመርቅ ያለው ግስ ይኸው ነው። «አነሣ» ሆኖም በብዙ ሥራ ላይ ይውላል። ኒማንም በእንግሊዝኛ ውስጥ እንዲሁ ተደብቆ ይኖራል፦ እጅ ወይም እግር ሲደነዝዝ የሚባለው «ነም» በጥሬው «የተያዘ፣ የተወሰደ» ማለት ሲሆን፣ ቀልጣፋ ሰው የሚገለጽበት «ኒምብል» ደግሞ ፈጥኖ የሚይዝ ከማለት የመጣ ነው።

ከታካ ጀርባ ያለውን የበለጠ የቆየ ትርጉም ማየት ለሚፈልግ፣ የእንግሊዝኛና የኖርስ ዘመድ የሆነው፣ ዛሬ የማይነገረው የጎቲክ ቋንቋ «ቴካን» የሚል ዘመድ ግስ አለው፤ ትርጉሙም «ዳሰሰ፣ ነካ» ነው። ይህን በደብተሩ ላይ በጉልህ ይጻፉት። ቴክ የጀመረው ከእጅ ነው፤ መጀመሪያ መንካት፣ ቀጥሎ መጨበጥ፣ ከዚያም ጨብጦ ከስፍራው ማንቀሳቀስ ሆኗል።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉ ሁለት ዓይነት መዝገበ ቃላት እንዳሉና መደባለቅ እንደሌለባቸው ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያ ክፍሉ በ1884 ታትሞ በ1928 የተጠናቀቀው ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ትርጉሞችን የሚደረድረው በዕድሜያቸው ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ የተጻፈው ትርጉም ጥንታዊው እንጂ ዛሬ የሚዘወተረው ላይሆን ይችላል። ለተማሪዎች የሚዘጋጁት መዝገበ ቃላት ግን በብዛት አብዝቶ የሚሠራበትን ያስቀድማሉ። ምንጩን ከመጀመሪያው፣ አጠቃቀሙን ከሁለተኛው ይውሰዱ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የኖርሱ «ታካ» እና የአማርኛው «ተካ» በድምፅ ቢመሳሰሉም ዝምድና የላቸውም። ድምፅ ተመሳስሎ ሲገኝ ምንጩን አገኘሁ ብሎ መጻፍ በየጊዜው የምናየው ስሕተት ስለሆነ፣ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የታሪክ ግንኙነትና በጽሑፍ የተመዘገበ መሸጋገሪያ ሳይኖር ዝምድና ብለው አይመዝግቡ።

፫. የሚከተለውን ስም መጠየቅ

አሁን ወደ ትርጉም እንሂድ። ገጹን በመስመር ለሁለት ይክፈሉ፤ በግራ በኩል ቴክን የሚከተለውን ስም፣ በቀኝ በኩል አማርኛ በዚያ ስም ላይ የሚጠቀምበትን ግስ ይጻፉ። «ቴክ ምን ማለት ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ «ምንን?» ብለው ይጠይቁ። መጽሐፍ ከሆነ ወሰደ ነው። እንክብል ከሆነ ዋጠ፣ ሽሮፕ ከሆነ ጠጣ ነው። ታክሲ ወይም አውቶቡስ ከሆነ ያዘ ወይም ተሳፈረ ነው። ፎቶግራፍ ከሆነ አነሣ ነው፤ የጥንቱ ነሥአ እዚህ ከእንግሊዝኛው ጋር ጎን ለጎን ቆሟል። ምክር ከሆነ ተቀበለ ወይም ሰማ፣ ወንበር ከሆነ ተቀመጠ፣ ፈተና ከሆነ ተፈተነ፣ ትንፋሽ ከሆነ ተነፈሰ፣ ጊዜ ከሆነ ፈጀ ነው። «አልቻልሁትም፣ ከዐቅሜ በላይ ነው» ለማለትም «አይ ካንት ቴክ ኢት» ይባላል። ተከታይ ስም የሌለበትም አጠቃቀም አለ፤ የተተከለ ችግኝ ወይም የተከተበ ክትባት «ቱክ» ከተባለ ጸደቀ፣ ያዘ ማለት ነው።

ዝርዝሩ ሲረዝም የሚገረም ተማሪ ይኖራል፤ «አንድ ግስ እንዴት ይህን ሁሉ ይሸከማል?» ይላል። በዚህ ጊዜ ወደ ራሱ ቋንቋ መመለስ ይጠቅመዋል። እኛ «ቁጭ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ብድግ አለ» ስንል «አለ» የመናገርን ትርጉም ጨርሶ ትቶ፣ አጠገቡ ያለውን ቃል ወደ ድርጊት የሚለውጥ መሣሪያ ሆኗል። «ቁጭ አለ»ን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ የውጭ አገር ሰው ሰውየውን ያናግረዋል እንጂ አያስቀምጠውም። እንግሊዝኛም «ቴክ ኤ ሉክ» ሲል የሚወሰድ ነገር የለም፤ አየት ማድረግ ነው። «ቴክ ኤ ዎክ» ሲል ወጣ ብሎ መንሸራሸር፣ «ቴክ ኤ ብሬክ» ሲል ዐረፍ ማለት ነው። እነዚህን ለብቻ በሌላ ቀለም ጽፈው፣ በቀኙ ዐምድ ላይ የአማርኛውን «አለ» እና «አደረገ» ቅርጾች ቢያኖሩ ግጥሙ ራሱ ይታያል።

በዚህ ዐምድ ላይ ከጻፍኋቸው ሁሉ የምወደው «ቴክ ሃርት» የሚለው ነው። ልብ ውሰድ ማለት አይደለም፤ እኛ ወሎዎች ኀዘን የደረሰበትን ወይም ጭንቅ የያዘውን ሰው «አብሽር» የምንለው ነው። ሌላ የአማርኛ ተናጋሪ «አይዞህ» ይለዋል።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለሱ ደግሞ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል። እኛ «እንቅልፍ ወሰደኝ» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን «ፌል አስሊፕ» ማለትም «ወደ እንቅልፍ ወደቅሁ» ይላል። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ «ስሊፕ ቱክ ሚ» ብዬ በድርሰት ጽፌ በቀይ ተሰርዞ ተመልሶልኛል፤ ለምን እንደ ተሰረዘ ግን ያስረዳኝ ስላልነበረ፣ ያለፈው ጊዜ መልኩን የሳትሁ መስሎኝ ለብዙ ጊዜ «ቴክን» እያልሁ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ስለዚህ መምህር የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ስሕተት ሲሰርዝ፣ የተሳሳተው የግሱ መልክ ሳይሆን የስሙና የግሱ ጥምረት መሆኑን በዳር እንዲጽፍ አጥብቄ እለምናለሁ።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም በጥምረቱ ሁልጊዜ አይስማሙም። ውሳኔን ብሪታንያውያን «ቴክ» ሊሉት ሲችሉ አሜሪካውያን «ሜክ» ይሉታል፤ ገላ መታጠብን አሜሪካውያን «ቴክ ኤ ሻወር» ሲሉ ብሪታንያውያን ብዙ ጊዜ «ሃቭ ኤ ሻወር» ይላሉ። ሁለቱም ትክክል ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን መርጦ መጽናት ይገባል።

፬. ግሱን ተከትለው የሚመጡትን ትንንሽ ቃላት ማጥናት

ቴክ ከኋላው «ኦፍ»፣ «አፕ»፣ «ኢን»፣ «ኦቨር»፣ «አፍተር» የመሳሰሉትን ሲያስከትል አዲስ ግስ ይሆናል። እነዚህን በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር አይበጅም፤ በቀን ሁለት ይበቃል። «ቴክ ኦፍ» ለልብስ አወለቀ፣ ለአውሮፕላን ደግሞ ተነሣ ነው፤ ከኮምቦልቻ ማረፊያ የተነሣ አውሮፕላን «ቱክ ኦፍ» ይባላል። «ቴክ አፍተር» መከተል የሚል ቢመስልም፣ ልጅ ወላጁን ሲመስል የሚባል፣ እኛ «ቁርጥ አባቱን» የምንለው ነው። «ቴክ ኦቨር» ተረከበ ነው። «ቴክ ኢን» ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ መጠጊያ ያጣን ሰው ማስጠጋትም፣ ሰውን ማታለልም፣ ሰፊ ልብስ ማጥበብም ይሆናልና፣ ዐረፍተ ነገሩን ሳያነቡ መተርጐም አይቻልም።

ትንሹ ቃል ከፊት ሲመጣ ደግሞ ከግሱ ጋር ይዋሐዳል። «አንደርቴክ» ሥራን በኃላፊነት ያዘ ማለት ነው፤ ከዚያ የወጣው «አንደርቴከር» ግን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ ቀብር አስፈጻሚ ማለት ሆኗል። ይህን ቃል አንድ ተማሪዬ «የቅሬ አባል» ብሎ ተርጉሞት አይቻለሁ። ሐሳቡ ቅርብ ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በወሎ ቅሬ ጎረቤት ለጎረቤቱ ድንኳን የሚተክልበት፣ መቃብር የሚቆፍርበትና ኀዘንተኛን የሚያጽናናበት ማኅበር ሲሆን፣ አንደርቴከር ግን ሥራውን በክፍያ የሚያከናውን ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ «በክፍያ ቀብር የሚያስፈጽም ሰው» ብሎ መዘርዘር ይሻላል።

፭. ዐረፍተ ነገሩን ማዋቀር

ሦስት ነጥቦች ላይ ብቻ ያተኩሩ። የመጀመሪያው የጊዜ አገላለጽ ነው። «ከደሴ ሐይቅ ከተማ ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ» የሚለው በእንግሊዝኛ «ኢት ቱክ ሚ አን አወር ቱ ጌት ፍሮም ደሴ ቱ ሐይቅ» ይሆናል። እዚህ «ኢት» የሚያመለክተው ዕቃ የለም፤ እንግሊዝኛ ያለ ባለቤት ዐረፍተ ነገር ስለማያቆም ብቻ የገባ ነው። ቅደም ተከተሉ ኢት፣ ግሱ፣ ሰውየው፣ ጊዜው፣ ከዚያ «ቱ» እና ሥራው ነው፤ ይህን ቅርጽ በየጉዟችሁ እየለዋወጣችሁ አምስት ጊዜ ጻፉት።

ሁለተኛው በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ የሚለጠፉት ቅጥያዎች ናቸው። «ወሰደብኝ» እና «ወሰደልኝ» በአንድ ፊደል ብቻ ይለያሉ፤ አንዱ ጉዳት፣ ሌላው ውለታ ነው። እንግሊዝኛ ይህን የሚገልጽበት ቅጥያ ስለሌለው ለመጀመሪያው «ፍሮም ሚ»፣ ለሁለተኛው «ፎር ሚ» ብሎ በተለየ ቃል ይናገራል። ቅጥያውን ዘንግቶ «ሂ ቱክ ኢት» ብቻ ብሎ የሚያቆም ተማሪ የዐረፍተ ነገሩን ስሜት ግማሽ ጥሎታል።

ሦስተኛው የአቅጣጫ ጉዳይ ሲሆን ለእኛ ቀላል ነው፤ ከተናጋሪው የሚርቅ «ቴክ»፣ ወደ ተናጋሪው የሚቀርብ «ብሪንግ» ነው፤ ይኸውም የወሰደና የአመጣ ልዩነት ነው።

፮. ወደ አማርኛችን የገባውን መመርመር

ይህ ደረጃ በሌሎች መመሪያዎች ሲካተት አላየሁም፤ እኔ ግን ግዴታ ይመስለኛል። በዜናና በደብዳቤ «እርምጃ ወሰደ»፣ «ኃላፊነት ወሰደ»፣ «ሥልጠና ወሰደ»፣ አልፎም «ሻወር ወሰድሁ» ሲባል እንሰማለን፤ ከእነዚህ ጀርባ ያለው የቴክ ጥላ ግልጽ ነው። ሁሉንም መንቀፍ አይገባም። «እርምጃ ወሰደ» ሥር ሰዶ ሕዝቡ ሁሉ የሚረዳው ስለሆነ ልንተወው አንችልም። ነገር ግን «ፈተና ወሰድሁ» ከማለት «ተፈተንሁ»፣ «ሻወር ወሰድሁ» ከማለት «ገላዬን ታጠብሁ»፣ «ሥልጠና ወሰድሁ» ከማለት «ሠለጠንሁ» ያጥራል፣ ይጠራልም። በገጹ ግርጌ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሬዲዮም ሆነ በቢሮ የሰሙትን የ«ወሰደ» ጥምረት ሁሉ ይመዝግቡ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብም በዕድሜ የገፋ፣ እንግሊዝኛ ያልተማረ ሰው ያንኑ ነገር እንዴት እንደሚለው ጠይቀው ይጻፉ። መጠራጠር ሲገጥም ዳኛው የእኒያ የሰኞ ገበያ ሴት ጥያቄ ነው፤ «ወዴት?» ተብሎ ሊጠየቅ የሚችል ከሆነ ጥምረቱ ገና አማርኛ አልሆነም።

፯. ሥራውን መፈተሽ

በሳምንቱ መጨረሻ፣ ቴክ በሰባት የተለያዩ ትርጉሞች የገባባቸው ሰባት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች ይጻፉ፤ አንዱ ስለ መድኃኒት፣ አንዱ ስለ ጉዞ ጊዜ ይሁን። ከዚያም ወደ አማርኛ ይመልሱና እንግሊዝኛውን ሸፍነው፣ አማርኛውን ብቻ ለቤተሰብ ያንብቡ። «ወሰደ» ከሁለት ጊዜ በላይ ተደጋግሞ ከተገኘ ወደ ሁለቱ ዐምዶች ተመልሰው ያርሙ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ አማርኛውን ብቻ እያዩ እንግሊዝኛውን እንደገና ይጻፉ፤ ከመጀመሪያው ጋር ሲያነጻጽሩ የተለወጠው ቃል የትኛው እንደ ሆነ በሁለተኛው ቀለም ያክብቡት። የሚቀጥለውን ገጽ «ጌት» ለተባለው ግስ ይተዉት፤ እርሱም ልክ እንደ ቴክ ከኖርስ የመጣ ስለሆነ የሁለተኛው ደረጃ ታሪክ አብዛኛው ተጽፎ ይጠብቅዎታል።